የአንጓች ላምና የአያ ስጦታው ሰስባንያ

ነገሩ የሆነው ቆላ ውስጥ፣ በጋው በከረረበት ወር ነው። አንጓች የምትባል ችኩል ሴት ነበረች። ኩፍኝ ይዟት የሰነበተችው የሦስት ዓመት የልጅ ልጇ ይታይሽ ገንፎውንም አጥሚቱንም ገፋችና «ወተት» አለች።

አንጓች ቅሏን ይዛ ወደ ላሟ ሄደች። ላሟ የከረመችው በደረቅ ጭድ ነው፤ ከጠብታ በቀር አልወጣትም። አረንጓዴ ነገር ያለው በጎረቤቷ በአያ ስጦታው እርከን ላይ ብቻ ነው፤ በበጋም የሚለመልም ሰስባንያ የሚባል የመኖ ዛፍ።

«አያ ስጦታው፣ ትንሽ ቅጠል ሰብሬ ልውሰድ?»

«ውሰጂ። ግን በእጅ ከተሰበረ ይሰነጠቅና ይደርቃል፤ በስለት ሲቆረጥ ነው መልሶ የሚያቆጠቁጥ። ማጭዴ ደግሞ ቀጥቃጩ ተሰማ ዘንድ ነው።»

ማጭዱ ከሌለ ቅጠሉ አይቆረጥም፤ ቅጠሉ ካልተቆረጠ ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች ይታይሽ አትጠጣም። አንጓች ወደ ተሰማ ገሰገሰች።

«የመንደሩ ማጭድ ሁሉ ዶልዱሞ እዚህ ተከምሯል» አለ ተሰማ። «ወናፌ ተቀዶ እሳት አልነፋ አለኝ። ቆዳ የሚሠራው ካሴ ይጠግንልኝ።»

ወናፉ ካልተጠገነ ማጭዱ አይሳልም፤ ማጭዱ ካልተሳለ ቅጠሉ አይቆረጥም፤ ቅጠሉ ካልተቆረጠ ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች ይታይሽ አትጠጣም። አንጓች ካሴ ደጅ ደረሰች።

«ቆዳዬ ደርቆ እንጨት ሆኗል» አለ ካሴ። «በቅቤ ካልታሸ አይሰፋም። ቅቤ ዘውዴ ቤት አይጠፋም።»

«ያለችኝ ይህችው ናት» አለች ዘውዴ ቅቤዋን እያሳየቻት። «ሸጬ ለጥጆቼ መኖ ልገዛባት ነበር። ሰስባንያ እንዳልተክል ሦስት ጊዜ ዘርቼ አልበቀለልኝም።»

ዘሩ ካልበቀለ ቅቤው አይሰጥም፤ ቅቤው ካልተሰጠ ወናፉ አይጠገንም፤ ወናፉ ካልተጠገነ ማጭዱ አይሳልም፤ ማጭዱ ካልተሳለ ቅጠሉ አይቆረጥም፤ ቅጠሉ ካልተቆረጠ ላሟ አትታለብም፤ ላሟ ካልታለበች ይታይሽ አትጠጣም።

አንጓች መንገድ ከጀመረች ወዲህ ገና አሁን ቆም አለች።

«ዘሩን እንዲሁ ደረቁን ነው የዘራሽው?»

«አዎ።»

«ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ውሃ አያስገባም። ውሃ አፍልተሽ አውርጂው፤ ትንሽ ሲበርድ ዘሩን ጨምሪና ይደር። ችግኝ ጣቢያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ።»

ዘውዴ ትክ ብላ አየቻት። «ለራስሽስ ስንት ተከልሽ?»

«አንድም» አለች አንጓች፤ ፊቷ ጋለ።

ዘውዴ ቅቤውን ቆርሳ ሰጠቻት፤ ከዘሩም ግማሽ እፍኝ ቋጠረችላት።

ቅቤው ቆዳውን አለሰለሰ፤ ቆዳው ወናፉን ጠገነ፤ ወናፉ እሳቱን አነደደ፤ እሳቱ ማጭዱን ሳለ፤ ማጭዱ ቅጠሉን ቆረጠ፤ ላሟም ቅጠሉን ከጭድ ጋር ቀላቅላ በላች። የዚያን ዕለት ማታ የታለበው አንድ ጉንጭ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ቅሉ ሞላ፤ ይታይሽ ጠጥታ «ጨምሪልኝ» አለች።

አንጓች ጨመረችላትና የዘውዴን ዘር በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ ዶማዋን አንስታ ወጣች። ከአጥሯ ጥግ ጀምራ ጉድጓድ ትቆፍር ገባች።

«እማዬ፣ ዘሩ ገና መች በቀለና» አለቻት ልጇ፣ የይታይሽ እናት።

«ሲበቅል ቦታ አይጣ» አለች አንጓች፤ ቀና ሳትል።