አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ

ተረት ተረት! የሀዲድ ብረት!

እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። እህታቸው እትዬ አሰገደች ከሜዳው ማዶ ታመው ተኝተዋል። እትዬ ደብሪቱ በየማለዳው አጥሚት ሠርተው፣ በጣሳ ይዘው፣ ሜዳውን ተሻግረው በትኩሱ ያጠጧቸው ነበር። ቻይኖች የባቡር ሀዲድ ሲዘረጉ ግን ሜዳው መሀል ለመሀል በሽቦ ታጠረ። ዙሪያውን ሲሄዱ አጥሚቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አጥሚት ደግሞ በበሽተኛዋ ጉሮሮ አልወርድ አለ። እትዬ ደብሪቱ የፈለጉት አንዲት ጠባብ በር ብቻ ነው።

ዘበኛውን፣ "ጎሹ ልጄ፣ በሞቴ ይቺን ሽቦ ቁረጥልኝ" አሉት።

"ፎርማኑ ሳያዘኝ? እትዬ፣ ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነው?"

ፎርማኑ ዘንድ ሄዱ። "ዘበኛው ሽቦ አልቆርጥም አለ፤ እዘዝልኝ።"

"ኢንጂነሩ ሳይፈቅድ ንክች አላደርግም፣ እናቴ።"

እትዬ ደብሪቱ መቼ የሚመለሱ ሆኑ! ቻይናዊውን ኢንጂነር፣ ሚስተር ሹን፣ በአስተርጓሚ ያዙት። "ዘበኛው ሽቦ አልቆርጥም አለ፣ ፎርማኑ ዘበኛውን አላዝም አለ፤ አንተ ፍቀድልኝ።"

ሚስተር ሹ ሄልሜቱን አውልቆ ጣሳውን አየ። "ሳናጥር በፊት ሰው በየት ያልፋል ብለን ሽማግሌያችሁን ጠይቀናል። ማንም አያልፍም አሉን። ብታልፉማ በር እንሠራ ነበር! እሳቸው ቃላቸውን ካልቀየሩ አልፈቅድም።"

ወደ ሽማግሌው ወደ ጋሽ ወርዶፋ ሮጡ። "ዘበኛው ሽቦ አልቆርጥም አለ፣ ፎርማኑ ዘበኛውን አላዝም አለ፣ ሚስተር ሹ ለፎርማኑ አልፈቅድም አለ። ምነው ጋሽ ወርዶፋ፣ ማንም አያልፍም ብለው ጉድ ሠሩን?"

"እናልፋለን ካልን መሬታችንን ለመንገድ ይወስዱታል ብለን ፈርተን አይደል? አንቺስ መች ጠፋሽ? ከኋላዬ ቆመሽ 'አናልፍም ይበሉ፣ አደራ' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

እትዬ ደብሪቱ ክው አሉ። እውነትም እንዲያ ብለው ነበር። "እንግዲያው ዋሽተናል ይበሉልኝ! በየቀኑ አልፋለሁ ይበሉልኝ!"

ይህ ሁሉ ምልልስ ሳምንታት ፈጅቷል፤ የበሽተኛዋም ሰውነት አልቋል።

ጋሽ ወርዶፋ ቃላቸውን ቀየሩ፣ ሚስተር ሹ ለፎርማኑ ፈቀደ፣ ፎርማኑ ዘበኛውን አዘዘ፣ ዘበኛው ሽቦውን ቆረጠ። እትዬ ደብሪቱ ትኩስ አጥሚት ይዘው በበሯ ብቅ ቢሉ፣ ከማዶ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እሳቸው ይመጣሉ። ለመርዶ ነበር የሚመጡት። በዚያች በር መጀመሪያ ያለፈው የእህታቸው መርዶ ሆነ።

ጣሳው እጃቸውን ያቃጥላል። አላስቀመጡትም። ያቺን አንዲት ቃል ምነው ባልተናገርኩ እያሉ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

ተረቴን መልሱ፤ አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ ድረሱ።