ባትሪውን የጨረሰው ማን ነው?

አንድ ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስተምር የሚውል የፊዚክስ መምህር አሮጌ መኪና ነበረችው። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረች። ሰባት ጎረቤቶቹ በየማለዳው እየተሰበሰቡ በግፊ ያስነሱለታል። ባትሪው ከተገዛ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ታዲያ ማን ጨረሰው?

መምህሩ ብዙ አላሰበም። የሰፈሩ ጥበቃ ጋሽ ወልደየስ መንገድ የዘጋ መኪና እንዲያነሱ የሁሉም ጎረቤት የመኪና ቁልፍ ይሰጣቸው ነበር። አንድ ማለዳ፣ ሰው ሊገፋ በተሰበሰበበት፣ በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ» ብሎ ጀመረ።

«ሌሊት መኪናዬ ውስጥ እየገባህ ሬዲዮ የምትሰማው አንተ ነህ። ባትሪዬን ጨረስከው። ቁልፌን አምጣ።»

ጋሽ ወልደየስ ቁልፉን አውጥተው ሰጡት። «መምህር፣ አላደረግሁትም» አሉ። በማግስቱ ሌሎቹም ቁልፋቸውን ወሰዱ። ሽማግሌው ወር ሲያልቅ ከሥራ ሊሰናበቱ ነው የሚል ወሬም ተሰማ። ሐሜት እንደሆነ የሚገፋው አይሻም፣ በራሱ ይነሳል።

ቁልፉ በመምህሩ ትራስ ስር ባደረ በሦስተኛው ቀን መኪናዋ እንደገና እምቢ አለች። ያኔ ቮልት መለኪያ ተውሶ፣ በግፊ አስነስቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ለካ። ሞተሩ እየሠራ ወደ አሥራ አራት ቮልት መውጣት የነበረበት ቁጥር ከአሥራ ሁለት ፈቅ አላለም። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ላልቶ ይንሸራተታል። ባትሪው ያለውን ይሰጣል፣ የሚተካለት ግን የለም። የባሰው ደግሞ፣ ይህንኑ የምትናገረው ቀይ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርታ ከርማለች። ዓይኔን ወጋችኝ ብሎ ፕላስተር የለጠፈባት ራሱ ነው። መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ቺንጊያውን አጥብቆ ወደ ጥበቃው ቤት ሄደ። «ጋሽ ወልደየስ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ግን መምህር፣ በአደባባይ አዋርደውኝ በዚች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሊክሱኝ ነው?»

መምህሩም በማግስቱ ማለዳ ጥፋቱን በሰው ፊት ሊናገር ወጥቶ ቆመ፤ ማንም አልመጣም። መኪናዋ በራሷ ስለምትነሳ የሚሰበሰብ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሰባቱንም ቤት በር አንድ በአንድ አንኳኳ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጋሽ ወልደየስ ንጹሕ ናቸው፤ ቁልፋችሁን መልሱላቸው» ባለ ቁጥር በየደጃፉ እንደ አዲስ አፈረ። አራቱ ቁልፋቸውን መለሱ። ሦስቱ «እስቲ እናስብበት» ብለው በሩን ዘጉ።

ሰውን ለማዋረድ አንድ ማለዳ ይበቃል። ክብሩን ለመመለስ ግን ደጅ ለደጅ መዞር ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ ሁሉም አይመለስም። ጣትዎን ሰው ላይ ከመቀሰርዎ በፊት የራስዎን ጓዳ ይፈትሹ። ቀድመው ቀስረው ከሆነ ደግሞ ይቅርታውን የሰደቡበት ቦታ ድረስ ይዘውት ይሂዱ። እርስዎስ፣ ሳያንኳኩ የቀሩት ስንት ደጅ አለ?