አልፈርስ ያለው ሙከራ አንድ

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ የዛሬው የውሃ መሥሪያ ቤት ነውና «እሺ፣ በሥርዓት» በሉኝ።

ወንዝ አፋፍ በምትባል ከተማ ዝናሽ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። ዓርብ ጠዋት ስልኳ ላይ «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ፈረቃችሁ ደርሷል፤ ውሃ ተለቋል» የሚል መልእክት መጣላት። ዝናሽ የመንግሥት ቃል አመነችና የአንዲት ሙሽራ ቀሚስና የስድስት ሚዜዎች ሸሚዝ በባልዲ በቀረቻት ውሃና በሳሙና ዘፈዘፈች። ሠርጉ ነገ ነው። አሽታ አሽታ ልታለቀልቅ ቧንቧውን ብትከፍተው አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ማለቅለቅ። ቧንቧው አይፈስም፤ ዝናሽም አታለቀልቅም።

ዝናሽ እጇን ሳትጠርግ፣ አረፋው እስከ ክርኗ እንደወጣ፣ ውሃ መሥሪያ ቤት ገባች። ዘበኛው መታወቂያ ቢጠይቃት አረፋዋን አሳየችውና አለፈች። ከውስጥ ኢንጂነር ትርሲትን አገኘች። ትርሲት ኮምፒውተሯን ከፍታ አየችና ፊቷ ቀላ።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ውሃችሁን የሚዘጋና የሚከፍተውን ቫልቭ ሁለት ሲስተሞች ያዝዙታል። በዚህ ሳምንት ሥራ የጀመረው እውነተኛው ‹ክፈት› ይለዋል። ለልምምድ ሠርቼው የነበረው ሙከራ አንድ ደግሞ ከደቂቃ በኋላ ‹ዝጋ› ይለዋል።»

«በእጅ አይከፈትም?»

«ይከፈታል። ከደቂቃ በኋላ መልሶ ይዘጋዋል።»

«ታዲያ አፍርሺዋ! ለምን ታስታምሚዋለሽ?»

ትርሲት ሙከራ አንድን ያቆመችው በድንጋይና በጭቃ አይደለም። ክላውድ በሚሉት፣ ባሕር ማዶ ባለ የኮምፒውተር አዳራሽ ውስጥ፣ ኮድ ጽፋ ነው። በኮድ የቆመ በኮድ ይፈርሳል። አንድ መስመር ጻፈች፤ «ሙከራ አንድን አፍርስ።» ኮዱም መለሰ፤ «የማፍረስ ክልከላ አለበት። አላፈርስም።» ኮዱ አያፈርስም፣ ሙከራ አንድ አይሞትም፣ ቫልቩ አይከፈትም፣ ቧንቧው አይፈስም፤ ዝናሽም አታለቀልቅም።

ክልከላውን ማንሳት የሚችሉት የክፍሉ ኃላፊ አቶ መኩሪያ ብቻ ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። ኃላፊ የማይከለክለው ነገር ካለ ኃላፊው ለምን ተቀመጠ? ሁለቱ ሴቶች ወደ እሳቸው ወጡ።

«አንድ ጊዜ መጫን ነው፣ አቶ መኩሪያ» አለች ትርሲት።

«መጫኑ አያቅተኝም» አሉ አቶ መኩሪያ ጣታቸውን እያዩ። «ነገ ማን አፈረሰው ቢባልስ? ደብዳቤ አምጪ። ማህተም ያለው።»

አቶ መኩሪያ አይከፍቱም፣ ኮዱ አያፈርስም፣ ሙከራ አንድ አይሞትም፣ ቫልቩ አይከፈትም፣ ቧንቧው አይፈስም፤ ዝናሽም አታለቀልቅም።

ትርሲት ደብዳቤውን እዚያው ጻፈችና መዝገብ ቤት ወረደች። ማህተሙ የሚኖረው እትዬ አስናቀች መሳቢያ ውስጥ ነው። እትዬ አስናቀች ደብዳቤውን አነበቡ፤ ገልብጠው ባዶውንም ጀርባ አነበቡ።

«‹ማፍረስ› ይላል። ማፍረስ ማስወገድ ነው። ማስወገድ ደግሞ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሥራ ነው። ቃለ ጉባኤው የታለ የኔ ልጅ?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ወንበር አይደለም!»

«ወንበር ቢሆንማ እቀመጥበት ነበር። ያለ ቃለ ጉባኤ አልመታም። አንቺ ደግሞ» አሉ ወደ ዝናሽ ዞረው፣ «አረፋሽን ከመዝገቤ አርቂልኝ!»

እትዬ አስናቀች አይመቱም፣ አቶ መኩሪያ አይከፍቱም፣ ኮዱ አያፈርስም፣ ሙከራ አንድ አይሞትም፣ ቫልቩ አይከፈትም፣ ቧንቧው አይፈስም፤ ዝናሽም አታለቀልቅም።

ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት። የተሰባበሩ ወንበሮች፣ የሞቱ ማተሚያዎችና አንድ ሞተር ሳይክል በእጃቸው አልፈዋል፤ ያለ ቃለ ጉባኤ አንድ ብሎን እንኳ አልጣሉም። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ለጠላትም አይመኙት፣ ለወዳጅም አይንፈጉት። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«የንብረት መለያ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥር የለውም» አለች ትርሲት።

«ቁጥር የሌለውን ምን ብለን በአጀንዳ እንያዘው? ‹ያ ነገር› እንበለው? አንሰበሰብም።»

«ጌታዬ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ሳሙና እንደጠጣ እየደረቀ ነው» አለች ዝናሽ። «ካልታለቀለቀ ቢጫ ነው የሚሆነው። ነገ ‹ሙሽራዋ ምን ነካት› ሲሉኝ ‹ቁጥር የላትም› ልበላቸው?»

ሰብሳቢው አዘኑ። ማዘን ደግሞ ቃለ ጉባኤ አያስፈልገውም። ቢሆንም ኮሚቴው አይሰበሰብም፣ እትዬ አስናቀች አይመቱም፣ አቶ መኩሪያ አይከፍቱም፣ ኮዱ አያፈርስም፣ ሙከራ አንድ አይሞትም፣ ቫልቩ አይከፈትም፣ ቧንቧው አይፈስም፤ ዝናሽም አታለቀልቅም።

ቁጥር የሚሰጡት የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ ውብሸት ናቸው። በአንድ እጃቸው ቁጥር የታተመባቸው ወረቀቶች፣ በሌላው የሙጫ ቆርቆሮ ይዘው ተቀበሏቸው። ጋሽ ውብሸት ሳያዩና ሳይነኩ በዕድሜያቸው አንድ ቁጥር ለጥፈው አያውቁም።

«የታለ? አምጡትና ልለጥፍለት።»

«አይመጣም፣ ጋሽዬ። ባሕር ማዶ ነው ያለው።»

«ጥሩ፣ እኔ እሄዳለሁ። የውሎ አበሌ ይታሰብና ሙጫዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ሲሄዱም አያገኙትም። አይታይም፣ አይነካም።»

«አይታይም፣ አይነካም፣ ግን ውሃ ይዘጋል» አሉ ጋሽ ውብሸት በጥርጣሬ። «ይሄስ ጠበል ነው የሚፈልገው። እኔ ባላየሁት ላይ አልለጥፍም።»

ጋሽ ውብሸት አይለጥፉም፣ ኮሚቴው አይሰበሰብም፣ እትዬ አስናቀች አይመቱም፣ አቶ መኩሪያ አይከፍቱም፣ ኮዱ አያፈርስም፣ ሙከራ አንድ አይሞትም፣ ቫልቩ አይከፈትም፣ ቧንቧው አይፈስም፤ ዝናሽም አታለቀልቅም።

ትርሲት የመጋዘኑ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ስትማር ስለ ሙጫ የነገራት አልነበረም። ዝናሽ ግን አልተቀመጠችም። ክርኗ ላይ የደረቀውን አረፋ እየፈቀፈቀች ጠየቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ባሕር ማዶ ያለው አዳራሽ የማን ነው? የእናንተ ነው?»

«አይ፣ የሌላ ድርጅት ነው። እኛ በየወሩ እንከራያለን።»

ዝናሽ ወደ ጋሽ ውብሸት ዞረች።

«ጋሽ ውብሸት፣ ሰኞ ለአዲሱ ሲስተም ምረቃ ድንኳን ተከራይታችሁ አልነበር? የጠረጴዛ ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ተከራይተናል።»

«ድንኳኑ ላይ ቁጥር ለጥፈውበታል?»

«እንዴ!» ጋሽ ውብሸት የሙጫውን ቆርቆሮ አስቀመጡ። «በሰው ድንኳን ላይ? ምን ነካሽ? የኪራይ ዕቃ ሲያልቅ ተነቅሎ ይመለሳል እንጂ ቁጥር...»

ቃሉን ሳይጨርሱ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ትርሲት ከደረጃው ተነሣች።

ጋሽ ውብሸት እስክርቢቶ አወጡና በጥሩ ጽሕፈት ጻፉ፤ «ሙከራ አንድ የተባለው ዕቃ የእኛ አይደለም፤ የኪራይ ነው። ተነቅሎ ይመለስ።» ከታችም ፈረሙ።

ወረቀቱ ወደ ኮሚቴው በረረ። ኮሚቴው ወዲያው ተሰበሰበና ስለዚህ ጉዳይ መሰብሰብ እንደማያስፈልገው በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ ይህንኑም በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። ቃለ ጉባኤው ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። እትዬ አስናቀች «እንዲህ ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ማን ይከለክላችሁ ነበር!» ብለው ማህተሙን እፍ አሉና መቱ፤ ጠረጴዛው ተናጋ። ደብዳቤው ወደ አቶ መኩሪያ ወጣ። አቶ መኩሪያ ማህተሙን በብርሃን አዩ፣ ጣታቸውን አነሡ፣ ተጫኑ። ክልከላው ተነሣ።

ትርሲት አንዷን መስመር እንደገና ጻፈች። ኮዱ ግን እንደ ሰው ጠየቃት፤ «ይህ አይመለስም። እርግጠኛ ከሆንሽ የሚፈርሰውን ስም ጻፊ።» እጇ ቆመ። እዚያው ዝርዝር ላይ እውነተኛው ከሙከራው አጠገብ ተሰልፏል፤ ብትሳሳት ከተማው በሙሉ ይደርቃል። ዝናሽ ከኋላዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ትርሲት ፊደል በፊደል «ሙከራ አንድ» ብላ ጻፈች፣ ደግማ አነበበች፣ ለዝናሽም አስነበበቻት።

«እሱ ነው፣ የጠላቴ ስም ነው» አለች ዝናሽ። «ንቀይው!»

ነቀለችው። ከላይ ወደ ታች፣ ድንኳን እንደሚነቀል፤ መጀመሪያ ትዕዛዝ ሰጪው ጠፋ፣ ቀጥሎ መዝገቡ ጠፋ፣ በመጨረሻ ሁሉን ያገናኘው መረብ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ «ምንም የቀረ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ትርሲት በሕይወቷ እንዲህ ያማረ ባዶ አላየችም።

ጋሽ ውብሸት ጽፈዋልና ኮሚቴው ተሰብስቧል፣ ኮሚቴው ተሰብስቧልና እትዬ አስናቀች መትተዋል፣ እትዬ አስናቀች መትተዋልና አቶ መኩሪያ ከፍተዋል፣ አቶ መኩሪያ ከፍተዋልና ኮዱ አፍርሷል፣ ኮዱ አፍርሷልና ሙከራ አንድ ሞቷል፣ ሙከራ አንድ ሞቷልና ቫልቩ ተከፈተ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ አልተዘጋም። ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ አልተዘጋም።

ዝናሽ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። ከየአጥሩ «መጣ! መጣ!» ይባላል፤ ባልዲና ጀሪካን ይንኳኳል። የእሷ ቧንቧ አስነጠሰ፣ አሳለ፣ ቀይ ተፋ፤ ከዚያም ጥርት ብሎ ፎከረ። ቀሚሱን አለቀለቀች፣ ሸሚዞቹን አለቀለቀች፣ ክርኗንም አለቀለቀች፤ ገመዱም ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለበሰ።

የውሃ መሥሪያ ቤቱም ሥራው በሥርዓት መከናወኑን ገልጾ ለራሱ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። ማህተም እየጠበቀ ነው።

እኔ ተረቴን አሽቼ ጨርሻለሁ፤ እናንተ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አስጡልኝ።