በሂደት ላይ ያለው ውሃ

እትዬ አስካለች አፋቸው መልስ የማያጣ ሴት ነበሩ። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ወራት አልፎታል። ውሃው መቼ እንደሚመጣ ለመጠየቅ ቀበሌ ቢመላለሱም የሊቀመንበሩ የአቶ ዳምጠው ቢሮ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አንድ ቀን ግን በር ላይ ጠብቀው ያዟቸው።

አቶ ዳምጠው በባለጉዳዩ ሁሉ ፊት ደረታቸውን ነፍተው፣ «እናቴ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው! ከእንግዲህ ‹መቼ› ብለው ቢጠይቁኝ በዘበኛ ነው የማስወጣዎት!» አሉ።

«እሺ፣ መቼ አልልም» አሉ እትዬ አስካለች በትሕትና። «ግን በምንድን ነው የሚሄደው?»

«ማን?»

«ጉዳያችን ነዋ! በእግሩ ከሆነ መንገድ ላይ ደክሞት ይሆናል፤ አህያዬን ልላክለት።»

ባለጉዳዩ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ዳምጠውም ሳቃቸው እያመለጣቸው ወደ ውሃ ክፍሉ ስልክ ደወሉ።