ጎማ ያበቀለ መኝታ ቤት

አንድ ቀን የደብረ ብርሃኑ አቶ ወንድይፍራው በመኪና የሚጎተት መኝታ ቤት አሠሩ። አልጋ አለው፣ የውሃ በርሜል አለው፣ ጄኔሬተር አለው፤ የሌለው ሚዛን ብቻ ነው። ሰውዬው ሁሉን ያውቃሉ። ያላወቁት ነገር ቢኖር አለማወቃቸውን ነው። «የአዲሷ መኪናዬ ወገብ እንዳይጎብጥ» ብለው ዕቃውን ሁሉ ከተሳቢው ጎማ በስተኋላ አስቆለሉትና ሾፌራቸውን ጥላዬን ጠሩት።

«ነገ ሸዋ ሮቢት ትወስደኛለህ።»

ሸዋ ሮቢት ለመድረስ የጣርማበርን ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው። ጥላዬ ገና ከመኪናው ጋር ወዳልተያያዘው ተሳቢ ሄደና የፊቱን መንጠቆ በአንድ ጣቱ ብድግ አደረገው። እንዲህ መቅለሉ አስደነገጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ መንጠቆ መኪናዋን ከላይ ጫን ብሎ ካልያዛት ተሳቢው ቁልቁለቱ ላይ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል። ተያይዘን ገደል ነው! ከክብደቱ ከዐሥር አንድ እጁ መንጠቆው ላይ ይረፍ። እሷ እንዳትጎብጥ ደግሞ ከኋላ ክብደት የሚሸከም አንድ ባሌስትራ እንጨምርላት።»

«ይህን ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ተማርከው?»

«ከጋሪ። ስምንት ዓመት ነድቻለሁ። ወፍራም ተሳፋሪ ከኋላ ሲቀመጥ ፈረሱ በሆዱ ይንጠለጠላል። ‹እትዬ፣ ወደ ፊት ጠጋ ይበሉ› የምንለው ለፍቅር መሰለዎት?»

«የጋሪ ጭንቅላት! እኔ በወረቀት አስልቼዋለሁ። ካልነዳህ ቁልፌን አስረክብና ወደ ፈረስህ!»

«ፈረሱን ሸጥኩት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ራስህ ጎትት! ቆይ፣ ምን ያህል የረጋ እንደሆነ ተኝቼ አሳይሃለሁ።»

አቶ ወንድይፍራው በኋላው በር ገቡ፤ በሩንም በኩራት ዘጉት። መቶ ዐሥር ኪሎ ናቸው። አልጋው ላይ ዘፍ ሲሉ የተሳቢው ግንባር ሽቅብ ተነሥቶ ሰማይ ጠቆመ፤ መቀመጫው መሬት ላይ ዱብ አለ። በሩም አፈር ተደግፎ አልከፈት አለ።

«ጥላዬ! ምኑን ነካኸው?»

«እኔማ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«በርሜሉ እላዬ ላይ ተደፋ! አቃናው!»

«በደስታ! ግን እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ እርስዎ አስልተው ይንገሩኝ። እንዲቃና በየት በኩል ልንጠልጠል? ከፊት ወይስ ከኋላ?»

ከውስጥ ውሃው ይንዶቀዶቃል።

«ከፊት» አሉ ቀስ ብለው።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«ከፊት! አንተ የተረገምክ፣ ከፊት!»

«እንግዲያው ጄኔሬተሩና በርሜሉ ከኔ በምን ያንሳሉ? እነሱም ከፊት ይሁኑ።»

«ይሁኑ!»

«ባሌስትራውስ?»

«ሁለት ጨምር! ብቻ ቶሎ ተንጠልጠል፣ ሰመጥኩ!»