ያዥ ድንጋይ የያዛት ሴት

አንዲት ልጅ ነበረች። ትናንት «አክስቴ፣ እኔ አልመሰከርኩባትም፤ ዝም ማለትም በደል ነው እንዴ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ የእሷን ነገር ልንገርሽ። ወዲያው ያልመለስኩልሽ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ልጅቱ በተወለደችበት አገር፣ ከወንዙ በላይ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ አለ። ያዥ ድንጋይ ይሉታል። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ወሰን ተጣልተው በሐሰት ቢማማሉ በቆሙበት ድንጋይ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የሚያልፍ ዋሾን አይለቁም ይባላል። በአገሩ ዕቃ ሲጠፋ የተጠረጠረ ሁሉ እህል ሳይቀምስ ወደዚያ ይወጣል። ነጠላውንና ጫማውን አውልቆ፣ «በድዬ እንደሆነ ያዙኝ» ብሎ፣ በግራ ትከሻው ይገባል። ያለፈ ንጹሕ ነው። የተያዘ ሌባ ነው።

የመንደሩ ልጆች ግን ድንጋዩን የሚያውቁት በጨዋታ ነው። ስንጥቁ መሐል ላይ እንደ ሆድ ያበጠ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርሱ ትንፋሽን ሁሉ አውጥቶ ጉልበትን አጠፍ ማድረግ ነው፤ ወፍራም ሰው እንኳ ያልፋል። ልጆቹ ሲያድጉ ይህን ማወቃቸውን ይረሱታል፤ ሰውነታቸው ግን አይረሳውም። ለዚህ ነው የአገሩ ተወላጅ በድንጋዩ ተይዞ የማያውቀው።

ልጅቱ ለአሸንድዬ ጭፈራ የእናቷን የብር መስቀል ሳታስፈቅድ አንገቷ ላይ አሰረች። ሲጨፍሩ ማተቡ ተበጥሶ መስቀሉ ጠፋ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከቤቱ ፊደል የቆጠረች እሷ ብቻ ነበረችና አባቷ በሰው ፊት ይኮሩባታል። ስለዚህ ዝም አለች። በቤቱ ከቆላ የመጣች አንዲት ሠራተኛ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡም ሠራተኛዋም ወደ ድንጋዩ ወጡ።

ልጅቱ «በድዬ እንደሆነ ያዙኝ» አለች፤ ትንፋሿን አወጣች፤ አለፈች። ከእሷ ቀጥሎ ሠራተኛዋ ገባች። ፈርታ ነበር። የፈራ ሰው አየር ይስባል። ደረቷ እብጠቱ ላይ ተቀረቀረ።

«የጌቶችሽን ድስት ስትጠርጊ ወፍረሽ ነው እኮ» አለች አንዲት ጎረቤት። ሴቶቹ ሳቁ።

«በእመብርሃን፣ እኔ አልነካሁም።»

«ለእኛ ምን ትነግሪናለሽ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ድንጋይ ዘመድ የለው፣ አያዳላ።»

ልጅቱ ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ፊት ለፊቷ ቆማለች። ሠራተኛዋ አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሙዬ፣ አንቺ እንዴት አለፍሽ?» አለቻት።

«ትንፋሽሽን አውጪ» ማለት ይበቃ ነበር። ልጅቱ ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ አለች።

ቅቤ ቀብተው፣ ጎትተው አወጧት። የትከሻዋ ቆዳ ተገሽልጦ ነበር። በዚያው ዕለት ነጠላዋን አስይዘው አባረሯት። ነሐሴ ነው፤ የአገሯ መንገድ ወንዙን ይሻገራል፤ ወንዙ ሞልቷል። የታች መንደር ሰዎች አንዲት የማያውቋትን ሴት ከውሃ አውጥተው መቅበራቸው በመስከረም ተሰማ። የልጅቱ አባት «ድንጋዩ የጀመረውን ወንዙ ጨረሰው» አሉ፤ እራታቸውንም በሉ።

ልጅቱ ተምራ መምህርት ሆነች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ድንጋዩን ልታይ ሄደች። ለጎብኚ ታሪኩን የሚናገሩ አንድ ሽማግሌ አገኘች። የወንድማማቾቹን ነገር ተናግረው ሲያበቁ «አንዲት የቆላ ሌባም እዚህ ተይዛ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ዋለች፤ ይኸው ደሟ» ብለው ድንጋዩ ላይ ያለ ቀይ መስመር አሳዩ። መስመሩ ሠራተኛዋ ወደ አገሩ ከመምጣቷ በፊትም እዚያው ነበር። ልጅቱ ታውቃለች።

«እርስዎም ይለፉ እንጂ። የተማረ ሰው ይፈራል እንዴ?» አሏት።

ገባች። ትንፋሿን አወጣች፤ ጉልበቷ በራሱ ታጠፈ።

«ንጹሕ ነዎት» አሉ ሽማግሌው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወረደች።

ልጄ፣ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። እናትሽ፣ የገዛ እህቴ፣ ይህን አታውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

በመሥሪያ ቤትሽ የጠፋውን ስልክ የወሰደውን ሰው በዓይንሽ አይተሻል። የጽዳት ሠራተኛችሁ ግን ወስደሻል ተብላ ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች ብለሽኛል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ለአንቺ የለመድሽው ነው፤ ምን እንደሚባል፣ በምን ቃል እንደሚታለፍ ታውቂያለሽ። እሷ አታውቅም። ስትፈራ ምላሷ ይታሰራል፤ እነሱም መንተባተቧን እንደ ጥፋት ይቆጥሩባታል። ያን ቀን ድንጋዩ በማንም ላይ አልፈረደም። መውጫውን የማውቀው እኔ ዝም ስላልኩ ነው እዚያ የቀረችው። የአንቺም ዝምታ ከዚህ አይለይም።

የእኔዋ ስሟ የሻረግ ነበር። ያንቺዋን ትናንት ማታ ሙሉ ስታወሪልኝ «ጽዳቷ» ብቻ ነው ያልሻት። ስሟ ማን ነው?