የመስኮቱ ጣሳ

የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሐጂ ጀውሃር ዘመዶች ዛሬም ይኖሩባታል፣ ወሬው ይከብዳቸዋል። ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች፣ መንገዷ ሁለት የተጫነ አህያ የማያሳልፍ አሮጌ ከተማ ነበረች። መብራት ገና አልገባም፤ ሰው የሚያመሸው በላምባ ነው። ላምባውን የሚሸጡት ደግሞ ሐጂ ጀውሃር ናቸው። የጀመዓ ሶላት አያመልጣቸውም፣ በንግዳቸው ላይ ወላሂ ሲሉ የሰማቸው የለም፣ ዘካቸውን በገዛ እጃቸው ያከፋፍላሉ። ሁለት ሰዎች ሲካካዱ ቃዲው ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት «እስቲ ሐጂ ይዩልን» ይባል ነበር። እሳቸውም፣ እውነቱን እንናገር እንጂ፣ በራሳቸው ሳይተማመኑ አልቀሩም።

ሱቁ በርም መስኮትም ነበረው። በበሩ የሚስተናገዱት ባለ ትልልቅ ቤቶች ናቸው፤ ሰው ልከው ላምባ ያስወስዳሉ፣ ሂሳቡን ወር ሲያልቅ ይከፍላሉ። በጓሮ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት የሚቆመው ግን የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኘው ነው። እሱ መጀመሪያ ሳንቲሙን ያስቀምጣል፣ ከዚያ አንድ ጣሳ ይቀዳለታል። በሩን ሐጂ ይይዛሉ፣ መስኮቱን ልጃቸው ነስሩ። ሐጂ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ካዩ ዘመን የለውም።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነስሩ ለቅሶ ሄዶ ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ። መኪያ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ የሶላት ኮፍያ በመርፌ እየጠለፈች የምትተዳደር ሴት። ሳንቲሟን አስቀመጠች፣ ጠርሙሷን አቀበለች። ሐጂ ከበሩ ጣሳቸውን አንስተው ሞልተው ቀዱላት። መኪያ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አየችና ደነገጠች።

«ሐጂ፣ ይሄ በዛ።»

«ምኑ?»

«ላምባው። የእኔ ሳንቲም የሚገዛው እስከዚህ ነው» አለችና የጠርሙሱን ወገብ በአውራ ጣቷ አሳየች። «ትርፉን ይመልሱት። የሰው ሐቅ ይዤ ቤቴ አልገባም።»

ሐጂ ሳቁ። «ምን ነካሽ፣ መኪያ? የአንድ ጣሳ ከፈልሽ፣ አንድ ጣሳ ቀዳሁልሽ።»

«እሱማ የበሩ ጣሳ ነው። የእኛ ያውና፣ ሚስማሩ ላይ።»

ዞር ሲሉ አንድ ተቆርጦ ያጠረ ጣሳ ተንጠልጥሏል። አወረዱት። የበሩን ጣሳ ሞልተው ወደ እሱ ገለበጡ፤ ገና ግማሹ ሳያልቅ ሞላና በእጃቸው ላይ ፈሰሰ፣ ጀለቢያቸውንም አራሰ። «ያ ረቢ!» አሉ።

«ዋጋውስ?»

«አንድ ነው እንጂ ሐጂ። መቼ ተለይቶ ያውቃል?» መኪያ ሊፈትኗት መስሏታል።

«ታዲያ አንቺስ ለምን እንደ ሌላው በወር አትከፍዪም?»

«ማን አምኖኝ? የወር ደንበኛ የራሱ ቤትና ዋስ ያለው ነው። እኔ ኪራይ ቤት ነው ያለሁት።»

ሐጂ የተቀዳላትን ሁሉ ይዛ እንድትሄድ በስንት ልመና ሸኟት፣ ከዚያ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ባለፈው ረመዳን የዚችኑ ሴት ዘካ ራሳቸው ይዘውላት ሄደው ነበር። ዱዓ አድርጋላቸው፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር የተመለሱት። ታዲያ በበር የሰጧትን በመስኮት ሲቀበሏት ኖረዋል! «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን ለራሳቸው አሉት።

ነስሩ ሲመለስ አባቱ ሁለቱን ጣሳ ጎን ለጎን አስቀምጠው ጠበቁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመስኮቱ ጣሳ ነዋ፣ አባቴ። ምን ተፈጠረ?»

«ሲያጥር አይታይህም?»

«ተደብቆ አይደለም እኮ። ገዢውም ያውቀዋል። ደግሞ ገንዘቡ ለሚዘገይ ዋጋ መጨመር ሸሪዓው ይፈቅዳል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሐጂ ጮኹ። ጮኸው አያውቁም ነበር። «ማነው ያዘገየው? መኪያ? ላምባውን ሳታይ ሳንቲሟን የምታስቀምጠው? ወር ሙሉ ያስጠበቀኝ ሙሉ ጣሳ ይወስዳል፣ ቀድሞ የከፈለኝ ግማሽ! አንተ ልጅ፣ ይህን ማነው ያስለመደህ?»

ነስሩ መሬት መሬት አየ። «እርስዎ ነዎት፣ አባቴ።»

«እኔ?»

«መንገዱ በተዘጋበት ዘመን ላምባ ሲጠፋ፣ ለሁሉም እንዲዳረስ ብለው ጣሳውን በመቀስ የቆረጡት እርስዎ ነዎት። የበሩን ደንበኞች እንዳናስቀይም ብለው የእነሱን ተዉት። መንገዱ እስኪከፈት ብለው ነበር። ተከፈተ፤ እርስዎም ምንም አላሉኝ።»

አሁን ነው መዓቱ! ሐጂ ትዝ አላቸው። መቀሱ ትዝ አላቸው፣ «ለድሃው አሰብኩለት» ብለው በልባቸው መደሰታቸው ትዝ አላቸው። መንገዱ ከተከፈተ ሕፃን የነበረ አግብቶ ወልዷል።

ጁሙዓ ደረሰ። ከሶላት በኋላ ኢማሙን አስፈቅደው ተነሡ። «በመስኮቴ የገዛችሁ ሁሉ ሐቃችሁን በልቻለሁ። የፈለገ ይምጣና ይውሰድ፣ የፈቀደ አፉ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ። ከዛሬ ጀምሮ በሩም ጣሳውም አንድ ነው፤ በእጁ ከፍሎ የሚገዛ ይቀድማል።» ሰዉ ዞሮ አያቸው። ያ ሁሉን የሚዳኝ ሰውዬ! ከዚያ ከኋላ በኩል «አፉ ብለናል» የሚል ድምፅ ተነሣና ሰዉ ሁሉ ተቀበለው። ከወር ከፋዮቹ አንዱ የቡና ነጋዴ ግን «እኔን ከጠርሙስ አንጠልጣይ ጋር ሊያሰልፉኝ?» ብሎ ከዚያ ቀን ወዲያ ሱቃቸውን አልረገጠም። ሐጂም አልተከተሉትም።

በማግስቱ መኪያ ቤት ሄዱ።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

«የእኔን ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ» አለች። ከዚያ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «የረውዳን ግን እኔ አፉ ማለት አልችልም።»

ረውዳ ሴት ልጇ ናት። እናትና ልጅ በአንድ ኩራዝ እያመሹ ይጠልፉ ነበር፣ የላምባውንም ሳንቲም አብረው ነበር የሚያዋጡት። የኮፍያውን ትርፍ ላምባው እየበላው ቢያቅታቸው፣ መኪያ ልጇን ሩቅ ከተማ ሰው ቤት እንድታገለግል ልካታለች። «አንድ ሙሉ ጣሳ ባገኝ ኖሮ አልሰዳትም ነበር፣ ሐጂ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ እሱ ነው ሐጂን የገደላቸው።

ያን ዕለት በቅሎ አስጫኑ። ነስሩ «እኔ ልሂድ፣ በዚህ ዕድሜዎ!» ብሎ ቢለምን እሺ አላሉም። ሩቁ ከተማ ደርሰው በሩን ሲያንኳኩ የከፈተችላቸው ራሷ ረውዳ ናት፤ እጇ በአመድና በውሃ ተሰነጣጥቋል። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው «ሐቅሽን በልቻለሁ፣ አፉ በይኝ» አሏት። ልጅቱ ምኑም አልገባት። «አፉ ብያለሁ፣ አባባ። እማዬ ጋ ሊወስዱኝ ነው?» አለች ቶሎ ብላ። ሐጂ አለቀሱ።

ይዘዋት ሲመለሱ ከተማው በደስታ ተቀበላቸው። ቃዲው ራሱ ወጥቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ሐጂ፣ እዳዎ አለቀ» አላቸው።

«አላለቀም» አሉ ሐጂ። «ልጅ ናት። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ ሐቋን ይቅር ብትል ይቅርታዋ እንደማይጸና አንተ አጥተኸው ነው?»

ቃዲው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እውነት ነበራ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐጂ ጀውሃር ደኅና ነዎት ወይ ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦

«ሰው ጀነት እንዲገባ ዱዓ ያደርጋል። እኔ ረውዳ እስክታድግ እንዳልሞት ዱዓ አደርጋለሁ።»

ለዚያ ቀን ይድረሱ አይድረሱ የነገረኝ የለም። ታሪኩን ስሰማ ግን እኔም ደንግጬ ነበር፣ አሁንም ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ምክንያቱም የሐጂ ጥፋት የሌባ ጥፋት አይደለም፤ ሶላቱን የሚሰግድ፣ ዘካውን የሚያወጣ ሰው ጥፋት ነው። ዛሬ ላምባው ቀርቶ መብራት ገባልን። እስቲ በአላህ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ለሰው ቤት ያከራያችሁ፣ ቆጣሪው በእናንተ ስም ነው፤ ክፍያውን ወር ጠብቃችሁ በዝቅተኛው ታሪፍ ትከፍላላችሁ። ተከራዩን ግን በአምፖሉ ቁጥር በቅድሚያ ታስከፍሉታላችሁ፤ የሁላችሁንም ፍጆታ እሱ ይሸፍነው የለም? «ያውቀዋል፣ ተስማምቶ ነው የገባው» እንዳትሉኝ። ነስሩም እንደዚያው ነበር ያለው። እሱ አፉ ብሎ ይተውላችሁ ይሆናል። ማታ ገንዘቡ አነሰ ተብሎ አምፖሉ ሲጠፋባት ደብተሯን የምታጥፈው ልጁስ፣ ስንት ዓመቷ ነው?